የደቡብ ኦሞ ቀይ አፈር፦ ከጠጉር ቅባት እስከ ውስጠ ክፍት ናኖ ቅንጣት

ከወይጦ ሸለቆ ተነሥቶ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ወደ ጂንካ የሚወጣው መንገድ የሚያቋርጠው መሬት፣ የአሪ ሴቶች በእጃቸው የሚያበጁት ሸክላ፣ የሐመር ሴቶች ከቅቤ ጋር ለውሰው ጠጉራቸውን የሚቀቡት ዱቄት፣ እንዲሁም በዘመናዊ ቤተ ሙከራዎች የፀሐይን ብርሃን ለኬሚካዊ ሥራ ለማዋል የሚፈተን አንድ ማዕድን ቅላታቸውን የሚያገኙት በአመዛኙ ከአንድ ውሁድ ነው። ይህ ውሁድ ሄማታይት ይባላል፤ ሁለት የብረት አተሞች ከሦስት የኦክስጅን አተሞች ጋር የተዋሐዱበት፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ብረት የሆነ የዝገት ዘመድ ነው። ታሪኩ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀለሙና ልማዱ ለአንትሮፖሎጂ፣ ብርሃን የመቀበል ጠባዩ ደግሞ ለኬሚስትሪ ይተዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የዚህን ማዕድን ዕጣ የሚወስነው ምንነቱ ብቻ ሳይሆን የያዘው ቅርጽ ጭምር መሆኑ ይታያል፤ ድፍን ሲሆን ለሺህ ዓመታት የማይደበዝዝ ቀለም፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ግድግዳው እጅግ ሲሳሳ ደግሞ በብርሃን የሚነቃ የኬሚካዊ ለውጥ አፋጣኝ ይሆናል።

የብረት አፈርን ለቀለም መፍጨት በኢትዮጵያ ምን ያህል የቆየ ሥራ እንደሆነ በጉልህ የሚያሳየው ከደቡብ ኦሞ ርቆ በድሬዳዋ አጠገብ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ነው። በዋሻው በተለያዩ ጊዜያት ከተደረጉ ቁፋሮዎች የተገኙትና እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝር ጥናት የታተመባቸው 4,213 የቀለም አፈር ቁርጥራጮች በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ሲሆን፣ ዕድሜያቸውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል፤ ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም አብረው ተገኝተዋል። ከብዛቱ ይልቅ የሚደንቀው፣ ሥራው በዚያ ዋሻ ለ4,500 ዓመታት ያህል መቀጠሉና አሠራሩም በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ አለመለዋወጡ ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያስቆጠረ የእጅ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ትምህርት እንጂ አልፎ አልፎ የሚመጣ የመዋብ ፍላጎት ብቻ ሊሆን አይችልም።

ደቡብ ኦሞ በበኩሉ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከዚህም እጅግ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራው ቡድን በኦሞ ወንዝ አጠገብ በኪቢሽ ያገኛቸው የሰው ቅሪተ አካላት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት 195,000 ዓመት እንደሆናቸው የተገመተ ሲሆን፣ በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በላያቸው የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምሮ ዕድሜያቸውን ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ገደማ ገፍቶታል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እነዚህ ግኝቶች ስለ ሰው እንጂ ስለ ቀለም የሚናገሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ቀለሙ ዛሬ የሚኖርበት ምድር ምን ያህል ጥንታዊ መኖሪያ እንደሆነ ያስታውሳሉ።

በዚህ ምድር ቀለም ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲሄድ ሥራው ይለያያል። በሐመር ሴቶች ዘንድ ቀዩ ዱቄት ከቅቤ ጋር ተለውሶ በቀጫጭኑ የተገመደውን ጠጉር ሲያለብሰው፣ በወንዶቹ ዘንድ ደግሞ ጭቃ በራስ ቅል ላይ ተለጥፎና ቀለም ተቀብቶ የጀግንነት ምልክት የሚሆንበት፣ የሰጎን ላባም የሚሰካበት ልማድ ነበር። በኦሞ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖሩት ካሮዎች ገላቸውን በነጭ አፈር፣ በቀይና በቢጫ የብረት ቀለም እንዲሁም በከሰል ይሥላሉ። ራሳቸውን ሙን ብለው በሚጠሩት በሙርሲዎች ዘንድ ጭቃ መቀባት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ጭምር መሆኑን አንትሮፖሎጂስቶች ጽፈዋል። ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል የሐመር ልማድ በጽሑፍ የተሻለ ዕድል ያገኘው ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዚያ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሟቸው የሐመር ጥራዞች ነው። በጂንካ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተሠራው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየምም የተመሠረተው በሽትሬከር አነሣሽነት ሲሆን፣ የአካባቢውን ሕዝቦች ቁሳቁስ በአንድ ጣራ ሥር ለማየት የሚያስችል ቦታ ነው።

ይህ ቀለም ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት በልማዱ ውስጥም አለ። ሄማታይት ቀይ ሆኖ የሚታየው ከሚያርፍበት ብርሃን ሐምራዊውን፣ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጦ ቀዩን ብቻ ስለሚመልስ ነው፤ ዓይን የማያየውን፣ ቆዳንም የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት ጨረርም አብሮ ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት የናሚቢያ ሂምባዎች የሚቀቡት ቀይ አፈር በሰው ቆዳ ላይ ተሞክሮ ከፀሐይ መጠነኛ ጥበቃ እንደሚሰጥ ታይቷል። የሐመር ሴቶች የሚቀቡት ለዚህ ነው ማለት ግን ትርጉም የለሽ ማቃለል ይሆናል፤ ውበት፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ የሚነበቡበትን ነገር ወደ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ዝቅ ማድረግ ልማዱንም ሳይንሱንም አይጠቅምም።

ሌላው ቀለም ቢጫው ነው። ቢጫ አፈር መልኩን የሚያገኘው ጎታይት ከሚባል የብረት ማዕድን ሲሆን፣ ጎታይት በውስጡ የውሃ ንጥረ ነገሮችን ያሰረ በመሆኑ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ውሃውን በእንፋሎት መልክ ለቅቆ ወደ ሄማታይት ይለወጣል፤ ቢጫው ቀይ ይሆናል። ይህ ለውጥ ለማንኛውም ምድጃ ቀላል የሆነ ሙቀት ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ፣ በጥንቱ ዓለም ብዙ ቦታ ቀለም ሠሪዎች አውቀው ተጠቅመውበታል። በዓይን የማይታየው የለውጡ ክፍል ግን ከሚታየው የበለጠ ነው፤ ውሃው ሲወጣ የማዕድኑ ቅንጣት ውጫዊ ቅርጹን እንደያዘ ስለሚቀር፣ ውሃው የነበረበት ቦታ ወርዱ በናኖሜትር የሚለካ ስንጥቅና ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እሳት ከድፍኑ ውስጥ ባዶነትን ሲፈጥር ቀለም ሠሪው የሚያየው ቅላቱን ብቻ ነው፤ የኋላው ዘመን ኬሚስት ግን የሚፈልገው ያንኑ ባዶነት ነው።

በጂንካ ዙሪያና በስተሰሜን ባለው ደጋ የሚኖሩት አሪዎች እንሰት፣ ጥራጥሬና ቡና የሚያመርቱ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የእጅ ባለሙያነት በትውልድ የተወሰነ ነው። ገበሬዎቹ ካንፃ ሲባሉ፣ የእጅ ባለሙያዎቹ በጥቅሉ ማና ይባላሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ወገን የሸክላ፣ ሌላው የብረት ሥራ ይሠራል። ከማና ጋር መጋባትና አብሮ መብላት ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር። ስለ አንጥረኞቹ አመጣጥ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው የሚል ግምት በምሁራንም ዘንድ ይነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን አንጥረኞቹና ገበሬዎቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሕዝብ የተለያዩ መሆናቸውን፣ የሚታየውም ልዩነት በብዛት ከመገለላቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ዓመት በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረመል ተነብቦ ሲወጣ፣ በሕይወት ካሉ ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ለአሪ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ማናን ባዕድ የሚያደርገው ትረካ ከመገለሉ በኋላ የተፈጠረ ማመካኛ እንጂ ታሪክ አይደለም።

የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች እውቀት በጽሑፍ የታወቀው በተለይ በጃፓናዊቷ አንትሮፖሎጂስት በሞሪዬ ካኔኮ ጥናቶች ነው፤ ተመራማሪዋ ሴቶቹ ያለ መንኮራኩር፣ በጣቶቻቸው እንቅስቃሴ ብቻ ጭቃውን እንዴት እንደሚያቆሙት፣ እንደሚያሰፉትና እንደሚያሳሱት ደረጃ በደረጃ መዝግባለች። ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትማራለች፤ ነገር ግን እያንዳንዷ የራሷ እጅ አላት። ሸክላው በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር ሲተኮስ፣ በጭቃው ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን አየር እንደልብ ካገኘ ወደ ሄማታይት ተለውጦ ገሉን ያቀላዋል፤ አየር ካጠረው ደግሞ ኦክስጅኑን ያጣና ገሉ ይጠቁራል። በአንድ ማድጋ ገላ ላይ የሚታየው ቀይና ጥቁር ነበልባሉ በየት በኩል እንዳለፈ የሚያሳይ የኬሚስትሪ መዝገብ ነው። የግድግዳው ውፍረትም የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የወፈረ ግድግዳ በውስጡ የታፈነው እንፋሎት ሲወጣ ይሰነጥቀዋል፣ በምድጃ ላይም እንጨት ይፈጃል፤ ከልክ በላይ የሳሳ ደግሞ በእጅ ላይ ይፈርሳል። ማድጋ፣ ድስት፣ ጀበና ከአንድ ጭቃ ቢወጡም አንዱ የሌላውን ሥራ የማይሠራው በባዶው ሆዳቸው ቅርጽና በግድግዳቸው ልክ የተነሣ ነው፤ ከዚህ በታች ስለሚነገሩት የማይታዩ ማሰሮዎችም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከማጎ ብሔራዊ ፓርክ በስተሰሜን የሚኖሩት ዲሜዎች ደግሞ የብረት ማዕድን አቅልጠው ለአካባቢው ሕዝቦች ብረት በማቅረብ የታወቁ ነበሩ። አቅላጩ የሚያደርገው ከሸክላ ሠሪዋ ተቃራኒውን ነው፤ እርሷ ብረቱን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዳ ቀይ ስታደርግ፣ እርሱ በከሰል ኃይል ኦክስጅኑን ነጥቆ ብረቱን ነጻ ያወጣል። ይህ ሙያ ከውጭ በገባ ርካሽ ብረት ተተክቶ ጠፍቷል፤ የአንጥረኝነቱ ሥራ ግን ቁርጥራጭ ብረትን እየቀጠቀጠ ቆይቷል።

እንደ እሳት ሁሉ ብርሃንም በማዕድን ላይ ኬሚካዊ ሥራ ሊሠራ የሚችል መሆኑ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ ቲታኒየም ኦክሳይድን በአልትራቫዮሌት ብርሃን በመምታት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የከፈሉበትን ሙከራ ባሳተሙ ጊዜ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል ብቻ የሚያስተላልፍ ጠጣር፣ በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ከቦታው ይፈናቀላል፤ የለቀቀው ቦታም እንደ አዎንታዊ ሙል ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ወደ ማዕድኑ ገጽ ከደረሱ በዚያ የሚነካቸውን ውሃ ወይም ቆሻሻ ይለውጣሉ፤ ሳይደርሱ በመንገድ ከተገናኙ ግን ይጣፋሉ፣ የብርሃኑም ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ማዕድኑ ራሱ ሳይጠፋ ብርሃንን ተቀብሎ ለውጥን የሚያፋጥንበት ይህ ሂደት ፎቶካታሊሲስ ይባላል።

የቲታኒየም ኦክሳይድ ችግር ከ3 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ጉልበት ያለውን ብርሃን አለመቀበሉ ነው፤ በዚህም የተነሣ ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ያህል ብቻ የሆነውን የአልትራቫዮሌት ድርሻ ይጠቀማል። ነጭነቱም ራሱ የዚህ ምስክር ነው፤ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ መልሶ ይልካል። ሄማታይት ግን 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሚበቃው እስከ 590 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ድረስ ያለውን ብርሃን ይውጣል። ርካሽ ነው፣ አይመርዝም፣ በውሃ ውስጥ አይበላሽም፣ በምድር ላይም ሞልቷል። ኬነት ሃርዲና አለን ባርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ቀጫጭን የብረት ኦክሳይድ ንጣፎችን ለዚህ ሥራ ሲሞክሩ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ነገሩ በስሌት ሲታይ ማዕድኑ ከሚያርፍበት የፀሐይ ጉልበት ወደ 15 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሃይድሮጅን ሊለውጥ ይገባው ነበር።

ያ ግን አልሆነም። ኬኔዲና ፍሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ምክንያቱን በቁጥር አስቀመጡት፤ በሄማታይት ውስጥ አዎንታዊው ሙል ከመጥፋቱ በፊት የሚጓዘው ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው። ብርሃኑ ደግሞ ተውጦ እስኪያልቅ በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። እንግዲህ በድፍን ቅንጣት ውስጥ ብርሃኑ ጠልቆ ይገባል፣ የቀሰቀሰው ሙል ግን ከዚያ ጥልቀት ወደ ገጹ መውጣት አይችልም፤ ከገጹ ሥር ካለችው ስስ ሽፋን በቀር የተቀረው ሁሉ በከንቱ ይሞቃል።

በዚህ ነጥብ ላይ የኬሚስቱ ሐዘን የቀለም ሠሪው ጸጋ ሆኖ ይገኛል። ቲታኒየም ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነጭ ቀለም በፀሐይ ሲቆይ ገጹ እየዱቄተ የሚራገፈው፣ በብርሃን የነቃው ማዕድን ያጣበቀውን ቅባት ራሱ ስለሚበላው ነው፤ የቀለም ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ቅንጣቱን በሌላ ነገር መሸፈን ግድ ሆኖባቸዋል። ቀዩ የብረት ቀለም ግን ፀሐይ አያስለቅቀውም። በየዋሻው ግድግዳ የሚታዩት የጥንት ሥዕሎች ቅላታቸውን ያቆዩበት አንዱ ምክንያት ማዕድኑ ከኦክስጅን ጋር ፈጽሞ የተዋሐደ በመሆኑ ከዚያ በላይ የማይለወጥ መሆኑ ሲሆን፣ ሌላው ብርሃን የሚቀሰቅሰው ሙል በድፍኑ ቅንጣት ውስጥ እዚያው መጥፋቱ ነው።

መፍትሔው ማዕድኑን መቀየር ሳይሆን ቅርጹን መቀየር ነበር። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚካኤል ግሬትዘል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ሲሊኮን የተጨመረበትን ሄማታይት አበባ ጎመን በሚመስል፣ ጫፎቹ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር በሆኑ ቅርንጫፎች አብቅሎ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 2.2 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት አገኘ፤ ይህ በስሌት ከሚጠበቀው 12 ሚሊአምፔር ገደማ ቢያንስም ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ሌላው መንገድ ግን ቅንጣቱን ውስጠ ክፍት ማድረግ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ራዲየሱ 200 ናኖሜትር የሆነ ድፍን የሄማታይት ሉል ተወስዶ ከግድግዳው 20 ናኖሜትር ብቻ ቀርቶ ውስጡ ቢፈለፈል፣ የሚቀረው ክብደት 27 በመቶ ሲሆን ከውጭውና ከውስጡ የሚገኘው ገጽ ግን 1.8 እጥፍ ይሆናል፤ በእኩል ክብደት ሲመዘን ውስጠ ክፍቱ ከድፍኑ ወደ 6.7 እጥፍ ገጽ አለው ማለት ነው። ከዚህም በላይ በድፍኑ ውስጥ ከገጹ እጅግ የራቀው ነጥብ 200 ናኖሜትር ሲርቅ፣ በውስጠ ክፍቱ ከ10 ናኖሜትር አያልፍም።

እነዚህን ቅርጾች የማበጀት ጥበብ የራሱ ታሪክ አለው። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ካሩሶዎችና ሄልሙት ሜውቫልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥቃቅን የፕላስቲክ ሉሎችን በማዕድን ቅንጣት አልብሰው ፕላስቲኩን በማቃጠል ባዶ ሉል አስቀሩ። በአሜሪካ በርክሌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላ መንገድ ተገኘ፤ የብረታ ብረት ቅንጣት ከሰልፈር ወይም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ብረቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ፍጥነት የውጭው ወደ ውስጥ ከሚገባበት ከበለጠ መሃሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህ ክስተት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በናስ ላይ ታይቶ በአሜሪካዊው ኧርነስት ኪርከንዳል ስም የሚጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሉል፣ ሳጥን፣ ቱቦ፣ ቀለበት፣ በድርብርብ ልጣጭ የተሠራ፣ አስኳሉ በቅርፊቱ ውስጥ የላላ፣ እያንዳንዱ ቅርጽ ተሠርቶ ተፈትኗል።

ቅርጾቹ በሥራ የሚለያዩት በሦስት ዋና ነገሮች ነው። የመጀመሪያው የግድግዳው ውፍረት ነው፤ በሄማታይት ጉዳይ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፣ ግድግዳው ከ20 ናኖሜትር በላይ ከሆነ ክፍት መሆኑ ብቻ አያድነውም። ሁለተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ወደ ባዶው ክፍል የገባ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ደጋግሞ የመዋጥ ዕድል ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሻንጋይ ተመራማሪዎች ቲታኒየም ኦክሳይድን በድፍን፣ በውስጠ ክፍትና ሉል በሉል ውስጥ በገባበት ቅርጽ ሠርተው ሲያወዳድሩ፣ በውሃ ውስጥ ያለን ፌኖል በማጥፋት ሉል በሉሉ በልጦ የተገኘው በዚህ ምክንያት መሆኑን አስረድተዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ብልሃት ያለበት፣ የውስጥና የውጭ ገጽን ለተለያየ ሥራ መመደብ ነው፤ በጃፓን የካዙናሪ ዶመን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 በሌላ ማዕድን እንዳሳየው በውስጠኛው ገጽ ኤሌክትሮን የሚስብ ፕላቲነም፣ በውጭኛው አዎንታዊውን ሙል የሚስብ ኮባልት ኦክሳይድ ሲደረግ ሁለቱ ሙሎች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ስለሚሄዱ መጣፋታቸው ይቀንሳል። ቱቦ ደግሞ ሁለት ጫፉ ክፍት በመሆኑ የሚጸዳው ውሃ እንደልብ ገብቶ ይወጣል፤ ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሉል ግን የውስጥ ገጹ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ከውሃው ጋር ስለማይገናኝ ዋጋ የለውም።

ይሁን እንጂ በዚህ ዘርፍ የሚታተመውን ሁሉ በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው። አንድ ቅርጽ ከሌላው በለጠ ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በተለያየ ዘዴ ስለሚሠሩ የክሪስታሉ ጥራት፣ የገጹ ንጽሕናና የገባበት ባዕድ ነገር አብረው ይለያያሉ፤ ልዩነቱ የቅርጹ ይሁን የአሠራሩ ለመለየት ያስቸግራል። ልጣጩ ሲበዛ የውጭው የውስጡን ያጨልማል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ቅንጣቱ በመበጥበጥ ይሰበራል። ሄማታይት ብቻውን፣ ከውጭ የኤሌክትሪክ ግፊት ካልተሰጠው፣ ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት የሚበቃ የኤሌክትሮን ጉልበት የለውም፤ ይህን ጉድለት የትኛውም ቅርጽ አያቃናውም። ቆሻሻ ቀለምን ከውሃ በማጥፋት የሚመሰገነውም በአብዛኛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲታከልለት ነው፤ ይህም እንግሊዛዊው ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 ብረትና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ያየው ኃይለኛ ለውጥ በብርሃን ሲታገዝ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ምርምር ባዕድ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራው የናኖ ቅንጣት ጥናት በብዛት ያተኮረው የአገር ውስጥ ዕፅዋትን ጭማቂ ለማበጃነት በመጠቀም ላይ ሲሆን፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኮሰረት ቅጠል የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2020 ባክቴሪያን የመከላከል አቅሙ የታተመው ዚንክ ኦክሳይድ ለዚህ ማሳያ ነው። በዕፅዋት ጭማቂ የሚሠራ ቅንጣት ርካሽና ከጎጂ ኬሚካል የራቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ቅርጹን በልክ መቆጣጠር ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከላይ እንደታየው ደግሞ በዚህ ሥራ ቅርጹ ዋናው ጉዳይ ነው። የአገሪቱ የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የሚያወጣው የቀለም ፍሳሽ ለምርምሩ በቂ ምክንያት ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ በሚጠቀም ማጣሪያ መሠራቱም ችግሩ ምን ያህል እንደታሰበበት ያመለክታል።

በደቡብ ኦሞ የውሃው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። በቆላው በበጋ ወራት የደረቁ ወንዞች አሸዋ እየተቆፈረ ውሃ ይቀዳል፤ የኦሞ ዓመታዊ ሙላትም የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ እንደ ቀድሞው ደለል ይዞ ዳርቻውን አያጥለቀልቅም። በውስጠ ክፍት ሄማታይት የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ለእነዚህ መንደሮች ዛሬ የለም፤ በቅርቡ ይመጣል ብሎ ተስፋ መስጠትም ተገቢ አይሆንም። ፀሐይ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለን የጠራ ውሃ በስድስት ሰዓት ያህል ከብዙ ተውሳክ የምታነጻ መሆኗ ግን ከማንኛውም ናኖ ቅንጣት የቀደመና የተረጋገጠ እውቀት ነው።

ሊሠራ የሚችለውና ያልተሠራው ሥራ ከዚህ የቀረበ ነው። ተመራማሪዎች ሄማታይትን የተሻለ አስተላላፊ ለማድረግ ሆን ብለው የሚጨምሩበት ሲሊኮንና ቲታኒየም በተፈጥሮ ቀይ አፈር ውስጥ በልዩ ልዩ መጠን የሚገኙ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከሄማታይቱ ክሪስታል ጋር እንደተዋሐደ፣ ምን ያህሉ በሸክላው ውስጥ ተለይቶ እንደሚገኝ የሚታወቀው ግን ናሙናው በየቦታው ተሰብስቦ ሲለካ ብቻ ነው። በጂንካ አንድ ሙዚየም አለ፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ጂንካ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ከተማ ይገኛል። ሁለቱ ተባብረው የሐመርን፣ የካሮን፣ የሙርሲንና የአሪን የቀለምና የሸክላ አፈር ከመገኛ ቦታው፣ ከአዘገጃጀቱና ከባለሙያዎቹ ስም ጋር ሊመዘግቡት ይገባል፤ ሥራውም የማና ሴቶችን እንደ ናሙና አቅራቢ ሳይሆን እንደ እውቀቱ ባለቤት ሊያስቆጥራቸውና ሊከፍላቸው ይገባል።